ምርመራ ያልቀደመው መድኃኒት፤ ስለ ሊኑክስ የችግር መፍቻ ጽሑፎች የቀረበ ትችት

ሊኑክስ በሚባለው ሥርዐት በሚሠራ ኮምፒዩተር የሚገለገል ሰው ብዙ ጊዜ ከሚያሰማቸው ስሞታዎች መካከል ሁለቱ እጅግ የታወቁ ናቸው። አንደኛው «ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ሆነብኝ» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ስክሪኑ ልኩን አጣ፤ ጽሑፉ ወይ ተለጠጠ ወይ ደቀቀ» የሚል ነው። እነዚህን ሁለት ችግሮች ለመፍታት የተጻፉት መምሪያዎች ቁጥራቸው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ መምሪያዎቹ ራሳቸው እንደ ጽሑፍ ተመዝነው፥ ይህ መልካም ነው፥ ይህ ደግሞ ጉድለት አለበት ሲባሉ እምብዛም አይሰማም። ልብ ወለድና ግጥም ሲተች ሰው ሁሉ ተገቢ ነው ይላል፤ የሥራ መምሪያ ግን ከሠራ ሠራ፥ ካልሠራ ተጣለ በሚል ፍርድ ብቻ ይታለፋል። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ እነዚህን መምሪያዎች በትችት ዐይን መመልከት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ ሐሳቤን በግልጥ ላስቀምጥ። በመምሪያዎቹ ውስጥ ከሚሰጡት መፍትሔዎች አብዛኛዎቹ ሐሰት ናቸው አልልም፤ እያንዳንዱ በአንድ ወቅት የአንድን ሰው ችግር በእርግጥ ፈትቷል። ጉድለታቸው ለየትኛው በሽታ እንደሚታዘዙ አለመናገራቸው ነው። መድኃኒቱን ከነአወሳሰዱ ይዘረዝራሉ፤ የበሽታውን ምልክት ግን አይገልጡም፤ መድኃኒቱ ባይስማማ እንዴት እንደሚመለስም አያመለክቱም። ስለዚህ አንባቢው ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ሲሞክር ይውላል፤ ቢድን በምን እንደ ዳነ፥ ቢብስበትም በምን እንደ ባሰበት ሳያውቅ ይቀራል።

1ኛ፤ የተለመዱት መድኃኒቶች

ስለ ኢንተርኔት መቀርፈፍ ከሚሰጡት ምክሮች ግንባር ቀደሙ «የስም አስተርጓሚህን ለውጥ» የሚለው ነው። የስም አስተርጓሚ፥ ማለት ዲኤንኤስ የሚባለው፥ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመልስ አገልግሎት ነው፤ አንባቢውም ጉግል በ2009 ባወጣው 8.8.8.8 ወይም ክላውድፍሌር በ2018 ባወጣው 1.1.1.1 እንዲተካው ይመከራል። ምክሩ ቦታውን ካገኘ መልካም ነው። ነገር ግን የስም ትርጕም የሚያስፈልገው በጉዞው መጀመሪያ ላይ ነው። አንዳንድ ታላላቅ ድርጅቶች ለደንበኛው ቅርብ የሆነውን ማከፋፈያ ለመምረጥ ቢጠቀሙበትም፥ አድራሻው ከታወቀ በኋላ ፋይሉ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወርድ አስተርጓሚው አይወስንም። እንግዲህ ምልክቱ የታወቀ ነው። ገጹ ለመጀመር ብዙ ቆይቶ ከጀመረ በኋላ ፈጥኖ የሚወርድ ከሆነ አስተርጓሚውን መጠርጠር ይገባል፤ ፊልሙ ወዲያው ጀምሮ መካከል ላይ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ጥፋቱን ከሌላ ስፍራ መፈለግ ያሻል። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨምሮ የሚጽፍ መምሪያ ግን ብርቅ ነው።

ሁለተኛው ምክር «አዲሱን የአድራሻ ሥርዐት፥ አይፒ 6ን፥ አጥፋው» የሚል ነው። ይህም ምክር ሲወለድ ምክንያት ነበረው። ኮምፒዩተሩ በአዲሱ አድራሻ ለመገናኘት ይሞክርና መንገዱ የተበላሸ እንደ ሆነ፥ ተስፋ ቆርጦ ወደ አሮጌው አድራሻ እስኪመለስ ድረስ ብዙ ሴኮንዶች ይባክኑ ነበር። በ2012 አርኤፍሲ 6555 ተብሎ የወጣው ሰነድ ግን ሁለቱን መንገዶች ጥቂት መቶ ሚሊሴኮንድ ብቻ እያራራቁ መሞከርንና ቀድሞ የተሳካውን መያዝን አስተማረ፤ የታወቁት የድረ ገጽ ማሰሻዎችም ይህንኑ ዘዴ ይዘዋል። ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ ይህን ስለማያደርጉ ምክሩ ፈጽሞ ሞቷል ማለት አይቻልም። ቢሆንም ያለ ዓመትና ያለ ምክንያት እየተገለበጠ ሲጻፍ፥ ዘመኑ ያለፈበትን ጉዳይ እንደ ዛሬ ሕግ አድርጎ ያስተላልፋል።

ሦስተኛው ምክር የዋይፋይ ካርዱን የኀይል ቁጠባ እንድናጠፋ ይነግረናል። በአንዳንድ ካርዶች ላይ ይህ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ካርዱ ኀይል ለመቆጠብ ለአጭር ጊዜ ሲያንቀላፋ መልእክቱ ይዘገያልና። የበሽታው ምልክት የሚታየው በቤት ውስጥ ካለው ራውተር ጋር በሚደረገው ግንኙነት ላይ ነው። ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ ራውተሩን ብንጠይቀውና መልሱ አንዴ በ2 ሚሊሴኮንድ፥ አንዴ በ200 ሚሊሴኮንድ ቢመጣ፥ ችግሩ ከቤት ሳይወጣ መጀመሩን እናውቃለን፤ ያን ጊዜ የኀይል ቁጠባውን ወይም የሬዲዮውን ጥራት መመርመር ይገባል። ራውተሩ ዘወትር ፈጥኖ የሚመልስ ከሆነ ግን ቁጠባውን ማጥፋት የላፕቶፑን ባትሪ ከመጨረስ በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም።

ወደ ስክሪን ጉዳይ ስንመጣ በብዙ መምሪያ የሚገኘው ቃል «ኖሞድሴት» ነው። ይህ ቃል ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ለከርነሉ፥ ማለት ለሥርዐቱ ዋና እምብርት፥ የሚሰጥ ትእዛዝ ሲሆን የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር የስክሪኑን ልክ ራሱ እንዳይወስን የሚከለክል ነው። አዲስ ሥርዐት ሲጭን ስክሪኑ ጨርሶ ጠቁሮ የቀረበት ሰው በዚህ ትእዛዝ ገብቶ ትክክለኛውን ድራይቨር ሊጭን ይችላል፤ ለዚህ ጊዜያዊ አገልግሎት እጅግ ይጠቅማል። ብዙዎቹ መምሪያዎች ግን ትእዛዙ በቋሚነት እንዲጻፍ ያደርጉና በዚያው ያቆማሉ። ከዚያ ወዲያ የካርዱ ችሎታ ስለሚታገድ የሥዕሉን ሥራ ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ይሸከማል፤ በማስተካከያው ገጽ ላይም የሚመረጠው የስክሪን ልክ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ይሆናል። ተጠቃሚውም ሁለት አዳዲስ ስሞታዎች ይዞ ይመለሳል። አንደኛው «የስክሪኑ ልክ አልለወጥ አለኝ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ፊልም ይቆራረጥብኛል፥ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» የሚል ነው። ለአንደኛው ስሞታ አንድ መምሪያ፥ ለሁለተኛውም ሌላ መምሪያ ይሰጠዋል፤ የሁለቱም እናት ያ የመጀመሪያው መድኃኒት መሆኑን የሚነግረው ግን የለም። መለያው ምልክት ቀላል ነበር። በፊልሙ ሥር ያለው ግራጫ መሥመር ፊልሙን ቀድሞ ወደ ፊት ከተጓዘ ኢንተርኔቱ ድርሻውን ተወጥቷል፤ የሚንገዳገደው ሥዕሉን የሚያቀርበው ክፍል ነው።

ለአልለወጥ ባዩ ስክሪን የሚታዘዘው «ኤክስራንድአር» የሚባለው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ከ1984 ጀምሮ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተሠራው «ኤክስ» ከተባለው የመስኮት ሥርዐት ጋር የሚነጋገር ነው። በ2008 ክርስቲያን ሆግስበርግ «ዌይላንድ» የተባለውን ሌላ ሥርዐት ጀመረ። ኡቡንቱ በጥቅምት 2017 ወደ ዌይላንድ ዞረ፤ በ2018 ወደ ኤክስ ተመለሰ፤ በ2021 ደግሞ እንደገና ዌይላንድን ዋነኛ አደረገ። በዌይላንድ ውስጥ ኤክስራንድአር የሚነጋገረው ለአሮጌ ፕሮግራሞች ሲባል ከተቀመጠው አስመሳይ ኤክስ ጋር ስለ ሆነ የእውነተኛውን ስክሪን ልክ ሊለውጥ አይችልም። በኤክስም ላይ ቢሆን በዚህ መንገድ የተሰጠ ትእዛዝ ተጠቃሚው ወጥቶ ሲገባ ይጠፋል። እንግዲህ አንድ መምሪያ በየትኛው የመስኮት ሥርዐት ላይ እንደሚሠራ ካልተናገረ፥ ለግማሾቹ አንባቢዎቹ የማይከፍት ቁልፍ ሰጣቸው ማለት ነው። ሥርዐቱን ለማወቅ ግን በግኖም የማስተካከያ ገጽ ላይ «ስለዚህ ኮምፒዩተር» የሚለውን ክፍል መክፈት ብቻ ይበቃ ነበር።

2ኛ፤ የአንድ ሰው አርኣያ

ትችት ጉድለትን ብቻ ዘርዝሮ ቢያቆም ፍሬ አይኖረውም። ስለዚህ መልካም ምርመራ ምን እንደሚመስል ለማሳየት፥ በሁለቱም ጉዳዮቻችን ላይ ስሙ የተጻፈውን የጂም ጌቲስን ሥራ እጠቅሳለሁ። ጌቲስ ከቦብ ሻይፍለር ጋር ኤክስን ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ነው። ከሩብ ምእት ዓመት በኋላ፥ በ2010፥ በቤል ላብራቶሪ በሚሠራበት ጊዜ፥ ከቤቱ ትልልቅ ፋይሎች ሲያስተላልፍ ኢንተርኔቱ ለሌላው ሥራ ሁሉ የማይረባ መሆኑን አስተዋለ። እርሱም የመስመሩን መዘግየት ለካ፤ በጥቂት ሚሊሴኮንድ ሊመጣ የሚገባው መልስ ከአንድ ሴኮንድ በላይ ሲፈጅ አገኘው። ቀጥሎም በመስመሩ የሚያልፉትን ፓኬቶች፥ ማለት መልእክቱ ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸውን ትንንሽ ጥቅሎች፥ አንድ በአንድ መረመረ።

ያገኘው ምክንያት ከመምሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ በአንዱም የሌለ ነበር። በሞደሞችና በራውተሮች ውስጥ ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ማከማቻ ከመጠን በላይ ሰፍቶ ነበር። የኢንተርኔት የማስተላለፊያ ደንብ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ፓኬት ሲጠፋ አይቶ ነው፤ ማከማቻው ሰፊ ሲሆን ግን ፓኬቱ አይጠፋም፥ ተራ ይጠብቃል እንጂ። ላኪውም መንገዱ የተዘጋ ሳይመስለው መላኩን ይቀጥላል። በቁጥር ብናየው፥ 256 ኪሎባይት የሚይዝ ማከማቻ ወደ 2 ሚሊዮን ቢት ያህል ይይዛል፤ ወደ ውጭ የሚልከው መስመር በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ቢት የሚያሳልፍ ከሆነ፥ ከኋላ የመጣችው ትንሽ ጥያቄ 2 ሴኮንድ ያህል ሰልፍ ትቆማለች። ጌቲስ ይህን በሽታ የማከማቻ መንፋት ሲል ሰየመው። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን መድኃኒቱን ኮዴል በሚል ስም አቀረቡ። ሰልፉን በየላኪው እየለየ የሚያስተናግደው የኤሪክ ዱማዜ ዝርያም በዚያው ዓመት በሊኑክስ ከርነል 3.5 ገባ፤ በ2018ም አርኤፍሲ 8290 ተብሎ ታተመ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ዋናው ነገር የነገሩ አካሄድ ነው። መለካት ቀደመ፤ የምክንያት ግምት ተከተለ፤ መድኃኒት የመጣው በመጨረሻ ነው። ፈተናውንም ማንም ተማሪ ሊሠራው ይችላል። አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ውጭ እየላኩ በጎን ፒንግን ማስኬድ ነው። መልሱ ከ30 ሚሊሴኮንድ ተነሥቶ ወደ 900 ከወጣ፥ ፋይሉም ሲያልቅ ተመልሶ ከወረደ፥ የስም አስተርጓሚ መለወጥም ሆነ አይፒ 6ን ማጥፋት ለዚህ ሰው አንዳች አይፈይድለትም። እንዲያውም መድኃኒቱ በላፕቶፑ ላይ አይገኝም፤ ሰልፉ በሚጠራቀምበት ራውተር ላይ መደረግ አለበት።

3ኛ፤ ሁለቱ ስሞታዎች አንድ ሲሆኑ

መምሪያዎቹ ኢንተርኔትን በአንድ ምዕራፍ፥ ስክሪንን በሌላ ምዕራፍ ያስቀምጣሉ። ይህ አከፋፈል ለጸሐፊው ይመቻል፤ የኮምፒዩተሩ አካላት ግን በዚህ አከፋፈል አይኖሩም። በሰኔ 2019 ራስበሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተጠቃሚዎች አንድ እንግዳ ነገር አስታወቁ። በኤችዲኤምአይ የተያያዘው ስክሪን ልኩ 2560 በ1440 ሲሆን ዋይፋዩ ይቋረጥ ነበር፤ የስክሪኑ ልክ ሲቀነስ ዋይፋዩ ይመለሳል። የስክሪኑ ምልክት የሚፈጥረው የሬዲዮ ሁከት ዋይፋይ በሚጠቀምበት የ2.4 ጊጋሄርዝ ሞገድ ላይ ያርፋል ተብሎ ተገመተ። ኢንቴልም ቀደም ሲል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ የዩኤስቢ 3 መሣሪያዎችና ገመዶች በዚሁ ሞገድ ላይ ሁከት እንደሚፈጥሩ አሳይቶ ነበር።

እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ሰው «ቀርፋፋ ኢንተርኔት» የሚለውን ምዕራፍ ሙሉ ቢፈጽም መፍትሔ አያገኝም፤ «የስክሪን ማስተካከያ» የሚለውንም ለማንበብ ምክንያት የለውም። የሚያድነው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ለወጥሁ?» ይህን ጥያቄ መልሶ የለወጠውን ነገር ወደ ነበረበት ቢመልስና እንደገና ቢለካ፥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እውነቱ ይገለጥለት ነበር።

4ኛ፤ ሊቀርብ ስለሚችለው መቃወሚያ

ለመምሪያዎቹ ጸሐፊዎች መከራከሪያ ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። መጀመሪያ፥ ጸሐፊዎቹ ብዙውን ጊዜ ያለ ደመወዝ በበጎ ፈቃድ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። ይህ እውነት ነው፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ሁለተኛም፥ ነገ ጠዋት የሚያስረክበው ሥራ ያለበት ሰው ስለ ማከማቻና ስለ ሞገድ ትምህርት እንዲሰጠው አይፈልግም፤ ኮምፒዩተሩ እንዲሠራለት ብቻ ይፈልጋል። ለተራበ ሰው እንጀራ በመስጠት ፈንታ ስለ ጤፍ አዘራር ማስተማር ተገቢ አይደለም ይባል ይሆናል።

የሁለተኛውን መቃወሚያ ክብደት አልክድም። ነገር ግን ምርመራ ጊዜ ያባክናል የሚለው አባባል ሲመዘን ይቀልላል። ሦስት ፒንግ ብቻ፥ አንዱ ወደ ራውተሩ፥ አንዱ ወደ ውጭ ባለ ቁጥር አድራሻ፥ አንዱ ወደ ድረ ገጽ ስም፥ ችግሩ በቤት ውስጥ፥ በአገልግሎት ሰጪው መስመር ወይም በስም አስተርጓሚው ዘንድ መሆኑን በሁለት ደቂቃ ይለያሉ። ለስክሪንም ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ የመስኮት ሥርዐቱ የትኛው ነው፤ የተጫነው ድራይቨር የትኛው ነው፤ ስክሪኑ የሚችላቸውን ልኮች ለኮምፒዩተሩ ያስታውቃል ወይስ አያስታውቅም። የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። መጥፎ ገመድ ወይም ርካሽ ማገናኛ ይህን መረጃ ሲያስቀር ሥርዐቱ ብዙ ጊዜ ወደ 1024 በ768 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ድራይቨር ደጋግሞ ከመጫን ገመድ መለወጥ ይሻላል። አሥር መድኃኒት ሞክሮ የሚያድር ሰው ከእነዚህ ስድስት ጥያቄዎች የበለጠ ጊዜ ያጠፋል።

በዚህ ላይ ጠያቂውም ከወቀሳ ነፃ አይሆንም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፥ «ቀርፋፋ ነው» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ተገቢውን መልስ ሊጠብቅ አይችልም። አንዳንድ ጊዜ ስሞታው ራሱ ከስሌት ስሕተት የመጣ ነው። አገልግሎት ሰጪዎች ፍጥነትን በሜጋቢት ይናገራሉ፤ ፋይል የሚያወርደው ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ያሳያል። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለ ሆነ፥ የ8 ሜጋቢት መስመር በሴኮንድ 1 ሜጋባይት ቢያወርድ ሙሉ ሥራውን ሠርቷል እንጂ አልቀረፈፈም።

5ኛ፤ ጉዳዩ ለእኛ ስለሚኖረው ትርጕም

ይህ ሁሉ እኛን ተማሪዎችን በምን ይመለከተናል የሚል ቢኖር፥ በሁለት ምክንያት ይመለከተናል ብዬ እመልሳለሁ። አንደኛው ምክንያት የገንዘብ ጉዳይ ነው። የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት ቆጥሮ የሚገዛ ተማሪ፥ የማያስፈልገውን ድራይቨር ሲያወርድ የምሳውን ገንዘብ ያቃጥላል። የመረቡን ማስተካከያ ያለ መመለሻ ካበላሸው ደግሞ መድኃኒቱን የሚያወርድበት መንገድ ይዘጋበታል። ገንዘብና ሌላ ኮምፒዩተር በእጁ ላለ ሰው ስሕተት ቀላል ነው፤ ለእኛ ግን አንድ ሳምንት ከሥራ መፈናቀል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይህን እንዲህ አድርገህ ትመልሰዋለህ» የምትለው ዐረፍተ ነገር ለእኛ ጌጥ አይደለችም።

ሁለተኛው ምክንያት የቋንቋችን ጉዳይ ነው። የሥራ መምሪያዎችን በአማርኛ መጻፍ ተጀምሯል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የእንግሊዝኛውን የመድኃኒት ዝርዝር ቃል በቃል መመለስ ጉድለቱን ከነቅርጹ ማስገባት ይሆናል፤ ለእኛ የተለየውን ችግርም አያየውም። የግእዝ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ሆኖም የፊደሉ ፎንት ባልተጫነበት ሊኑክስ ላይ አማርኛ ጽሑፍ ሲከፈት በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይታያሉ። ይህን ያየ ሰው «ስክሪኔ ተበላሸ» ቢልና የተለመደውን የስክሪን መምሪያ ቢከተል፥ ድራይቨር ሲለውጥ፥ ልክ ሲቀያይር ይውላል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በዚያው ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ መታየቱ ግን ስክሪኑ ጤነኛ ለመሆኑ ምስክር ነበር። እንደ ኖቶ ወይም እንደ አቢሲኒካ ያለ አንድ የግእዝ ፎንት መጫን ይበቃዋል። ይህን ሊጽፍ የሚችለው አማርኛ የሚያነብ ሰው ነው፤ ከውጭ የሚመጣው መምሪያ አያስበውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው፥ የሊኑክስ የችግር መፍቻ ጽሑፎች በመድኃኒት የበለጸጉ፥ በምርመራ ግን የደኸዩ ናቸው። አንዱ መድኃኒት ዘመኑ አልፎበት ይሰጣል፤ ሌላው ላልታመመ ይታዘዛል፤ እንደ ኖሞድሴት ያለውም ጊዜያዊ ሆኖ ሳለ ቋሚ ተደርጎ አዲስ በሽታ ይወልዳል። ስለዚህ በኮሌጃችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ጓደኞቼ ሁሉ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለምንሰጠው ለእያንዳንዱ መፍትሔ ሦስት መሥመር እንጨምርለት። የመጀመሪያው መሥመር መድኃኒቱ የሚስማማበትን ምልክት ይናገር፤ ሁለተኛው ምልክቱ የሚረጋገጥበትን ፈተና ያመልክት፤ ሦስተኛው ነገሩ ባይሳካ ወደ ነበረበት የሚመለስበትን መንገድ ያሳይ። ጽሑፉ የተጻፈበት ዓመትና የሥርዐቱ ስሪት ቁጥርም ከራስጌው ይቀመጥ። መምህራኖቻችንም እንዲህ ያለውን መምሪያ እንደ ማንኛውም የተማሪ ሥራ ተቀብለው ቢያርሙት፥ በአማርኛ የሚጻፈው የሥራ መምሪያ ገና ከጅምሩ በተሻለ መሠረት ላይ ሊቆም ይችላል ብዬ አምናለሁ።